የደመናዊት አንቱታ

ሥራነሽ መጽሐፉን ያነደደችው ባለማወቅ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነውና፣ ሴትዮዋንም ሰው በክፉ እንዳያያት።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ካለው ቤት፣ ሥራነሽ ከባሏ ከደምለው ጋር ትኖራለች። ደምለው ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ ነው፤ ከጎኑ የካውያው ጠረጴዛ አለ። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያከራያሉ። ባለፈው ዓመት የነበረው ተከራያቸው፣ አካለ ወልድ የሚባል ልጅ፣ ተመርቆ ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትቶ ሄደ። ጊዜው ክረምት ነበርና ከሰሉ ረጥቦ አልያያዝ ብሏል። ሥራነሽ ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ጥራዝ አወጣች፤ የፈተና ማስታወሻ መስሏት ከኋላው እየገነጠለች አንድ ወር ሙሉ ከሰል አያያዘችበት።

አንድ ቀን ጠዋት ክብሪቱን ልትጭር ስትል እጇ ላይ ያለው ወረቀት ላይ "ነፋሱም በስሟ ጠራት" የሚል ቃል አየች። ክብሪቱን አስቀመጠች። ቆማ አነበበች። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፤ የዚያን ቀን ምሳ ሳይደርስ ቀረ።

ልብ ወለድ ነበር። ከደመና በላይ ያለ አገር ነው፤ ንጉሡ ከድንጋይ የተሠራ ሠራዊት አለው። በግቢው ውስጥ ደመናዊት የምትባል ውሃ ቀጂ አለች። ልጅቱ የነፋስን ቋንቋ ትሰማለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አትልም። መቶ ሠላሳ ስድስተኛው ገጽ ላይ ከግቢው ልትጠፋ ትነሣለች። "ደመናዊትም የመጨረሻውን በር በገፋችው ጊዜ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሽሮ በስሎበታል።

በዚያ ሰሞን የደምለው ዓይን መክዳት ጀምሮ ነበር። የዓይን ሞራ ነው አሉት። ሠላሳ ዓመት ክር በመርፌ ቀዳዳ ያሳለፈ ሰው ቀዳዳውም መርፌውም ጠፋው። ሥራነሽ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ እሱ በዳሰሳ ካውያውን ያዘ። የሥራውስ ነገር ይሁን፤ እሱን የጎዳው ማንበብ መቅረቱ ነው። በልጅነቱ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። የተጻፈበት ወረቀት መሬት ወድቆ ሲያይ አንስቶ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰገስግ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ሳይቀር ዘርግቶ የሚያነብ።

"አንድ መጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ ላንብብልዎት?" አለችው።

ባሏን እርስዎ ነው የምትለው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ብላ ኖራለች። እሱ አንቺ ይላታል። የአገሩ ደንብ ነውና ሁለቱም አስበውበት አያውቁም። የዚህ ታሪክ ተራኪ ደምለውን "አለ" እያለ ማለፉን ብትሰማ ሥራነሽ ራሷ ትቆጣ ነበር። ስለጎደለው ግማሽ ግን ምንም አልነገረችውም። እንዴት ብላ? ለተጻፈ ነገር እንዲያ የሚሳሳን ሰው መጽሐፍ ከሰል ማያያዣ አደረግሁት ይሉታል?

ከምሳ በኋላ ገበያው ጭር ሲል ማንበብ ጀመረች። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው አወቀም በየቀኑ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የሰፋው ጫማ ግን ጥቂት ነው። ኅዳር ሲገባ መቶ ሠላሳ ስድስት ገጽ አለቀ። ሥራነሽ ያን ቀን "እዚህ ላይ ይብቃን" ልትል አፏን ከፈተች። ደምለው አንገቱን ወደ እሷ አዘነበለ።

"በሩን ገፋችው። ከዚያስ?"

ዓይኑ ከታመመ ወዲህ ፊቱ እንዲያ በርቶ አላየችውም። አንጀቷን በላት። የሌለ ገጽ ገለጠችና በማንበቢያ ድምፅዋ ቀጠለች፤ "በሩን በገፋችው ጊዜ ሦስት የድንጋይ ሽማግሎች ቆመው ጠበቋት።"

እንዲህ ነው የተጀመረው። በማግስቱ የልጃቸውን የእየሩስን አሮጌ ደብተር ከኋላ ሰፍታ ጥራዙን አወፈረችው፤ ደምለው በእጁ ቢዳስሰው እንዳይሳሳበት። ታሪኩን ግን ከየት ታምጣ? ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ማርቆስ ሌላ አገር አታውቅም። ከራሷ በቀር የምትገልጠው መጽሐፍ አልነበራትም።

ሦስቱ ሽማግሎች ደመናዊትን "ለማታውቂው ጌታ ተሰጥተሻል፤ ግቢ ተመለሽ" አሏት። እሷ አላለቀሰችም፤ አልሮጠችም። "አይሆንም" አለች፤ አንዲት ቃል ብቻ። ድንጋዮቹ ይህን ቃል ከሴት አፍ ሰምተው ስለማያውቁ መሐል ለመሐል ተሰነጠቁ። እውነተኞቹ ሽማግሎች ግን አልተሰነጠቁም። የዐሥራ አምስት ዓመቷ ሥራነሽ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለጋብቻ ስሟን ሲያነሡ ወጥታ "አይሆንም" ባለቻቸው ጊዜ ረግመዋት ነው የተነሡት። በማግስቱ አክስቷ ወዳለችበት ወደ ደብረ ማርቆስ በእግሯ መጣች። ደምለው ከአክስቷ ቤት እንዳገባት ያውቃል፤ ለምን እንደመጣች ግን ጠይቆ አያውቅም።

"አቤት ወኔ!" አለ አወቀ መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። "እኔ ብሆን ተመልሼ ውሃዬን እቀዳ ነበር።"

ቀጥሎ ወንዙ መጣ። ነፋስ ሕፃን ልጁ ታሞበት ለደመናዊት አደራ ይሰጣታል፤ መድኃኒቱ ያለው ከሞላ ወንዝ ማዶ ነው። ሥራነሽ ይህን ስታነብ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ጉሮሮዬን አቧራ ያዘኝ አለች። ውሃው ቀይ እንደነበረ፣ ግንድ እንደሚያንከባልል፣ ልጁ ማልቀሱን ሲተው ከማልቀሱ ይልቅ ዝምታው እንደሚያስፈራ ተናገረች። መሐል ላይ አንድ እግር መሬት ሲያጣ ሌላው እንዴት እንደሚጸልይ ሳይቀር ተናገረች።

በደምለው እጅ ላይ ካውያው ከሰሉ ጠፍቶ ቀዝቅዟል።

"ለእኔ የነገሠችው እዚህ ላይ ነው" አለ በመጨረሻ። "ከዚህ በኋላ ዘውድ ቢጭኑላትም ባይጭኑላትም ወሬ ነው።"

"የለም፣ ሽማግሎቹ ፊት ነው!" አለ አወቀ።

"ሽማግሎቹ ፊት የቆመችው ለራሷ ነው። ወንዙ ውስጥ ግን ሰው ተሸክማለች። ይለያያል።"

ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ተጠየቁ። ሥራነሽ መኪናዋን እየረገጠች አቀርቅራ ትሰማለች። ስለ እሷ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲናገር ሰምታ አታውቅም፤ አሁንም ስለ እሷ መሆኑን የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። ደስታው ይጣፍጣል፤ ግን የሰረቁት ማር ዓይነት ነው።

በጥር መጨረሻ ደመናዊት ባለ ድንጋይ ሠራዊቱን ንጉሥ አሸንፋ ዘውድ ጫነች። ሥራነሽ "ንግሥቲቱም ተነሥታ እንዲህ አለች" ብላ ስታነብ ደምለው ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አደረገው።

"እንዴት 'አለች'? ነገሡ እኮ! 'አሉ' በይ እንጂ! ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው፣ አንቱታ የማያውቅ!"

"'አሉ' ነው ለካ፤ ተሳስቼ ነው" አለች ሥራነሽ። አንቱታውማ ለምላሷ አይቸግራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመናዊት ተነሡ፣ ደመናዊት ተቀመጡ፣ ደመናዊት ፈረዱ ሆነ።

የካቲት ላይ እየሩስ ከቁይ ደወለች። እዚያ አስተማሪ ናት። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንደሚመጡ፣ አባቷን እንዳስመዘገበች ተናገረች። ሥራነሽ እልል አለች፤ ደምለው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"መርፌ ለጨርቅ ነው" አለ። "ሠላሳ ዓመት ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የቀረችኝን ጭላንጭል አላስነካም።"

አወቀ ለመነው። የንስሐ አባቱ መከሩት። እየሩስ በስልክ አለቀሰች። ወይ ፍንክች።

ሥራነሽ ሁለት ቀን አሰበች። የምታስበው ስለ እሱ ዓይን ብቻ አልነበረም። ካየ ያነባል፤ ካነበበ መቶ ሠላሳ ሰባተኛውን ገጽ ይፈልጋል። ዓይኔ ስለጠፋ ከአወቀ ፊት እንደ ሕፃን አታለለችኝ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳታዋርደው ኖራ፣ በስተርጅና ልታዋርደው ነው። ግን እሱ ግድግዳ እየዳሰሰ ሲሄድ ከማየት መጣላቱ ይሻላታል። ቆረጠች።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን አነሣችና አነበበች፤ "ንግሥት ደመናዊትም ፀሐይ ወደ ተቀበረችበት ዋሻ አንድ እግራቸውን አስገቡ።" ከዚያ ጥራዙን ዘጋችው።

"የቀረውን በዓይንዎ ያነቡታል። እኔ ከዚህ በኋላ አንዲት ፊደል አልቆጥርም።"

"ቀልድሽን ነው?"

"አይደለም።"

ደምለው ዘጠኝ ቀን አኮረፈ። በአምስተኛው ቀን አወቀን ላከባት። አወቀ "እስቲ መጽሐፉን አንዴ ልየው" ሲላት "እጅህ ሙጫ ነው፤ አትነካብኝም" ብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ደምለው የእሑድ ኮቱን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆመ።

"ባጃጅ ጥሪ" አለ። "እኚያ ሴትዮ አንድ እግራቸውን ዋሻ አስገብተው ስንት ቀን ይቁሙ?"

መርፌውን እንደፈራው አላገኘውም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ሥራነሽ ከፊቱ ቆማ ነበር። ደምለው ዓይኑን እያርገበገበ ትኩር ብሎ አያት።

"ጠጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የነጣው?"

"እርስዎ ሳያዩት" አለችው። አለቀሰች፤ ሳቀችም።

ሐኪሙ አንድ ሳምንት እንዳያነብ ከለከለው፤ ሥራነሽ በልቧ መረቀችው። በዚያ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት መጽሐፉን ይዛ ከሰሉ ላይ አጎንብሳ ነበር። ወርውራ "ጠፋ" ብትል ያልቃል። እጇ አልታዘዛትም፤ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ሳምንቱ ሲሞላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ራሷ አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለትና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታው።

ገጹ ሲገለጥ ትሰማለች። የሚያውቀውን ክፍል ቶሎ ቶሎ አለፈው። ከዚያ መግለጡ ቆመ። ሥራነሽ አንድ እጅጌ ሁለት ጊዜ ሰፋች።

"ሥራነሽ።"

"አቤት።"

"እዚህ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ነው ይላል።"

"እየሩስ ሒሳብ አይሆንላትም ነበር" አለች ሥራነሽ ሳትዞር። "ለዚያ ነው አማርኛ የምታስተምረው።" ከዚያ መርገጡን ተወች። "ከሰል አያያዝኩበት። ሳላውቅ ነው። ያየሁት ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው። በእርስዎ ልቀልድ ብዬ አይደለም፤ 'ከዚያስ?' ሲሉኝ ጊዜ፣ ዝም ማለት አቃተኝ።"

ደምለው በአውራ ጣቱ የተቀደደውን የገጹን ጫፍ ይዳስሳል። ጨርቅ እንዲህ ነው የሚዳስሰው።

"ሽማግሎቹ የት ናቸው?"

"ደብረ ኤልያስ።"

"ወንዙስ?"

 "ጨሞጋ ነው። እርስዎ ቡሬ ለሥራ የሄዱ ጊዜ። እየሩስ ሁለት ዓመቷ ነበር።"

"ስመለስ 'ትንሽ አሟት ነበር' ነው ያልሽኝ።"

"ተሽሏት ነበራ።"

ደምለው እጁን ወደ ዓይኑ ሰደደ።

"አይሹት!" ብላ ዘወር አለች። "ሐኪሙ ምን አለ?"

እጁን መለሰ። በርጩማውን ጎትቶ ከመኪናው አጠገብ፣ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘጋው።

"ወንዙ ዳር ሲደርሱ ምን አደረጉ?" አለ።

አማርኛችን ላይ "ምን አደረጉ" ለሩቅም ለቅርብም አንድ ነው፤ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይህ ሳይገባው አይናገርም። ሥራነሽ ግን የደመናዊትን ነገር መሰላት። ማንበቢያ ድምፅዋን አስተካከለች።

"ንግሥቲቱማ ወንዙ ዳር ሲደርሱ..."

"ንግሥቲቱን አይደለም" አለ ደምለው። "እርስዎን ነው የምጠይቀው።"

ሥራነሽ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። ጎዳናውን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ በማንበቢያ ድምፅዋ ሳይሆን በራሷ ጀመረች።

"ነጠላዬን ፈታሁና ልጅቱን አንገቴ ላይ አሰርኳት" አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ውሃው እዚህ ድረስ ነበር።"