የቴቲያ ዝዮች

በላቲዩም ኮረብታ ላይ ባለችው መንደራችን ዝይ የማያረባ ቤት የለም፤ ክንፋቸውን ሳይከረክም የሚያረባ ግን ከጎረቤቴ ከቴቲያ በቀር አላየሁም። ብርዱ ሊያልቅ ሲል የዱር ዝዮች በላያችን ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ የቤቱም ዝይ ድምፃቸውን ሲሰማ ልቡ ይነሳል። ስለዚህ ሁላችንም ቀደም ብለን የክንፍ ላባቸውን እንቆርጣለን። ባሏ የሞተባት ቴቲያ ከዝዮቿ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ ሆኖም ቢላዋ አታስነካቸውም።

ምክንያቷን የማያውቅ የለም። እኛ ላባን «ፔትና» እንላለን። የጥንት አባቶቻችን መብረርን «ፔት» ይሉ ነበርና ስሙን ከዚያ አወጡለት፤ መብረሪያ እንደማለት ነው። ለደረቱ ልስልስ ላባ ሌላ ስም ሰጡት። ቴቲያ ይህን ከእናቷ ሰምታ እንደ ሕግ ያዘችው፤ ያልበረረ ላባ ፔትና አይባልም፣ ፍላጻ ላይም አይታሰርም። በየበጋው ዝዮቿ የሚያራግፉትን ከመሬት እየለቀመች ለፍላጻ ሠሪው ለማንዮስ ትሰጣለች፤ እሱም ገብስ ይሰፍርላታል። ሴቶቹ ምንጭ ላይ ያሾፉባታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ በግትርነቷ ግን በልቤ እቀናባት ነበር።

አንድ ዓመት የዱር ዝዮቹ ብዛት ሰማዩን ሸፈነው። ታናሽ ወንድሟ ዌቲዮስ ቢላዋ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ጥለውሽ መሄዳቸው ነው። ከዚያ ምን ልትበዪ ነው?»

«ጎመን» አለችና ቢላዋውን ከእጁ ወስዳ ጎመኗን ትከትፍ ጀመር።

አውራው ክንፉን ዘርግቶ ተነሳ፤ መንጋውም ተከተለው። ቴቲያ አልተጣራችም። ሜዳው ላይ ቆማ ሰማይ ሰማዩን ስታይ ዋለች፤ ዌቲዮስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ጀምበር ስትጠልቅ አራቱ ብቻ ተመለሱ። አውራው አልነበረበትም። እህል በተነችላቸው፤ ክንፋቸውን ግን ያን ዕለትም አልነካችም። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንዳመጣችው እስከዛሬ አላውቅም።

በጋ ላይ ማንዮስ እንደልማዱ ሲመጣ የሰጠችው ላባ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አገላብጦ አየው፤ እንደሱ ያለ ሌላ ቦታ እንደማያገኝ ነገራት። ከዚያ ሌሎቹ ዝዮች የት እንዳሉ ጠየቃት።

ቴቲያ በአገጯ ወደ ሰሜን አመለከተችው።

«ሥራ ላይ ናቸው።»