እናቴ በመሰከረች ማግስት

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ በሽታ መከላከያ ሴሎች ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡም ትንሽ ክብ እሥላለሁ። ትንሹ ክብ ኒውክለሱ ነው፤ ጂኖቹ ያሉበት። ሴሉ ጠላት ሲያገኝ ሳይቶካይን የተባሉትን ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ጂኖች ይከፈታሉ። ሳይቶካይንን የሰፈር ኡኡታ በሉት፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ጠላቱ ሲጠፋ ጂኖቹ መዘጋት አለባቸው። ተማሪዎቼ «ባይዘጉስ?» ይሉኛል። መልሱን ያየሁት እናቴ ጣቶች ላይ ነው።

እናቴ የምትኖረው ቴፒ ነው። ቡና ለቅማ ያሳደገችን ሴት ጣቶቿ አብጠው ኩባያ መያዝ አቃታት። የገዛ ሴሎቿ ጠላት በሌለበት እየጮሁ መገጣጠሚያዋን ይደበድቡ ነበር። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት። ይህ ክኒን ኒውክለሱ ድረስ ዘልቆ የኡኡታውን ጂኖች ያፍናል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም፤ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬያታለሁ። በለቀማው ወቅት እጇ ተፈታ። ቀዩን ፍሬ እየመረጠች ስትለቅም አይቼ በደስታ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን፣ እሑድ ጸሎት ቤት ቆማ እግዚአብሔር ፈወሰኝ ብላ መሰከረች። ጣቶቿን ወደ ላይ አንሥታ አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ጉባኤው በእልልታ ተናጠ። ስለ ክኒኑ ማንም አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም።

በማግስቱ መዋጡን ተወች። ስሰማ ቴፒ ድረስ ሄጄ ተቆጣኋት።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ፊት ድኛለሁ ብዬ ቆሜ፣ ቤቴ ገብቼ ክኒን ልዋጥ? ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?» አለችኝ።

ጮህኩባት፤ ለመንኳት። የጎዳት ውሸት አለመውደዷ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሴሎቿ ምስክርነቷን አልሰሙም። ብዙም ሳይቆይ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ነፍሷ ተረፈች፤ ክኒኑንም እንደገና ጀመረች፤ ጣቶቿ ግን ተጣመው ቀሩ።

እልል ያሉላት ሰዎች ሊጠይቋት ሲመጡ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ትደብቅ ነበር። እነሱም አላዩም፤ ማየትም አልፈለጉም። መዳኗን ግን ላገኙት በሽተኛ ሁሉ ማውራታቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ከጌጫ የመጣች ወጣት ሴት ቤታችን ገባች። ጣቶቿ አብጠዋል።

«እናቴ፣ እርስዎ በጸሎት ብቻ ዳኑ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ክኒኑን ልተወው?» አለቻት።

ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ገልጣ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረቻቸው።

«እጄን እዪ» አለች። «ክኒኑን ትቼ ነው እንዲህ የሆንኩት። ጸልዪ፤ ክኒንሽንም ዋጪ።»

ወሬው ጸሎት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «እምነቷ ስለጎደለ ነው በሽታው የተመለሰባት» አሉ። ያ ሁሉ እልል ያለ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታ ነሳት። አሁን እሑድ እሑድ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ትዘምራለች።

የጌጫዋ ልጅ በቅርቡ ደውላልኝ ነበር። ክኒኗን አላቋረጠችም። እየተደበቀች ነው የምትውጠው።