የጋሽ ጎሳዬ መሳቢያ

ነጅላ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የተቀጠረችው ማድረቂያ አልጋ ላይ ብልሹ ፍሬ እንድትለቅም ነበር። እጇ ቡናው ላይ ቢሆንም ዓይኗ ግን ከመፈልፈያው ማሽን አይነቀልም። ይሄ ለምን ይዞራል? ያኛውስ ለምን ይንጫጫል? ከጅማ መካኒክ በመጣ ቁጥር መፍቻ አቀባይ ሆና አጠገቡ ትቆማለች። ጓደኞቿ «ኢንጂነሯ» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ሹፈቱ ቀስ በቀስ እውነት ሆነና በሦስተኛው ዓመት መካኒክ መጥራት ቀረ።

መንገዱን ያሳዩዋት፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ጎሳዬ ናቸው። የማሽኑን መመሪያ ከእንግሊዝኛ መስመር በመስመር ይተረጉሙላት ነበር። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት «ልጄ» ሲሏት ልቧ ይሞላል። ከሁለት ዓመት በፊት ጅማ ኮሌጅ ለመግባት በጣቢያው በኩል ተፈትና ነበር። ጋሽ ጎሳዬ ውጤቱን ሲነግሯት አንገታቸውን ደፍተው፣ «አላለፍሽም፣ አይዞሽ» አሏት። ስታለቅስ አባበሏት፤ በሳምንቱም ወፍራም መዝገበ ቃላት ገዝተው ሰጧት። ነጅላም እንዲህ ያለ ሰው አላህ ለሁሉም አይሰጥም ብላ አመሰገነች።

ዘንድሮ በኅዳር፣ እሳቸው ለስብሰባ ጅማ በሄዱበት ቀን፣ በቅርቡ የተተከለው አዲሱ መፈልፈያ ቀጥ አለ። ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ ይዞ ተሰልፏል። እሸት በለቀሙት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ነጅላ ደወለችላቸው። ጋሽ ጎሳዬም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በጥድፊያ፣ መመሪያው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ መስኮቱ ላይ አለልሽ ብለው ዘጉ።

መመሪያውን ስታነሳ ከሥሩ ስሟ የተጻፈበት ደብዳቤ አገኘች። የኮሌጁ ነው። ፈተናውን አልፋለች፤ በመስከረም ትመዝገብ ይላል። ከኋላው የጋሽ ጎሳዬ መልስ ግልባጭ ተያይዟል፦ ሠራተኛዋ በቤተሰብ ችግር ምክንያት መማር ስለማትችል ዕድሉ ለሌላ ይሰጥ። ፊርማውን ታውቀዋለች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ሲጥል ምን ያህል እንደሚያም ግን የነገራት የለም።

ማሽኑን ትታው መሄድ አማራት። ውጭ ያሉት ገበሬዎች ግን ምን በደሉ? ዓይኗን ጠርጋ መመሪያውን ገለጠችና ፈትታ፣ አጥብቃ፣ ከዐስር ሶላት በፊት አስነሳችው።

ጋሽ ጎሳዬ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ የማሽኑን ድምፅ ከበር ሰምተው፣ ድሮስ አንቺ እያለሽ እያሉ በደስታ ገቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤውን፣ ከጎኑም መዝገበ ቃላቱን ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልካዱም።

«ብትሄጂ ጣቢያው ይቆም ነበር» አሉ። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔስ፣ ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ነበረኝ?»

የመሳቢያውን ቁልፍ መስኮቱ ላይ መልሳ ወጣች። መፈልፈያው ከኋላዋ ያለ እንከን ይዞራል።