ዘጠኝ ቋጠሮ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። በየዓመቱ በማስተሥረያው ጾም፣ በኪፑር ቀን ደረቴን እየደቃሁ ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። በጽሑፎቼ ያልወቀስሁት ሰው የለም፤ ባለሥልጣኑን፣ ሽማግሌውን፣ አልቃሻውን፣ አጨብጫቢውን። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶኛል። አንባቢ ሆይ፣ ደም ያለበት ነገር አትጠብቅ። የበደልሁት ተቀምጬ ነው፤ እጄን እንኳ ሳላነሣ፣ በአንዲት ቃል።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ እዚህ እስራኤል፣ በአፉላ ከተማ የሁለተኛ ዲቪዚዮን የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበር። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሁለቱ አሜሪካውያን ነበሩ። እኔ ቀን ቀን በማትናሱ፣ በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ በጨዋታ ቀን ግን ከሜዳው ዳር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ስታቲስቲክስ እይዛለሁ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። እኔ እያየሁ እጠራለሁ፤ ከጎኔ ስቬታ የምትባል ከሩሲያ የመጣች ሴት ኮምፒዩተር ላይ ትጽፋለች። ነጥብን ሁሉም ሰው ያየዋል። ሪባውንድንም፣ ስቶ የተመለሰውን ኳስ መያዙን፣ እንዲሁ። አሲስት ግን የፍርድ ነገር ነው። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ያገባል። ኳሱ የገባው ባቀበለው ሰው ብልሃት ነው ወይስ ባገባው? ይህን የሚወስነው ጠሪው ነው። ጠሪው እኔ ነበርሁ።

በቡድኑ ውስጥ አንድ የእኛ ልጅ፣ እንደ እኔ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ነበር። መታወቂያው ላይ የዕብራይስጥ ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን ይርጋ ይለዋል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ቁመቱ አጭር ነው። ዓይኑ ግን! ጓደኛው ባዶ ቦታ ላይ መቆሙን ራሱ ሳያውቅ ኳሱ እጁ ላይ ይደርሳል። አባቱ አባ ታከለ አንድም ጨዋታ አያመልጣቸውም። ነጠላቸውን ለብሰው ከላይኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም። አገር ቤት ሳሉ የጾሙን ቀን በክር ቋጠሮ ይይዙ ነበር፤ እዚህም ልጃቸው ሲያቀብልና ሌላው ሲያገባ፣ ከነጠላቸው ጫፍ የመዘዙትን ክር አንድ ጊዜ ይቋጥራሉ።

ሥራ በጀመርሁበት ቀን የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ለአጎትህ ልጅ እንዳትጨምርለት!» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይርጋ የአጎቴ ልጅ አይደለም፤ የትውልድ አገራችን እንኳ የአራት ቀን መንገድ ይራራቃል። ነጮቹ ዘንድ ግን ሁላችንም አንድ አጎት ነው ያለን። ያ ቀልድ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ይርጋ ባቀበለ ቁጥር ስቬታ «አሲስት?» ትለኛለች። «አይደለም» እላታለሁ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብልህ ነበርሁ። ማንም ሊክደው የማይችለውን እሰጠዋለሁ፤ ትንሽ የሚያጠራጥረውን እነሣዋለሁ። ከአሜሪካውያኑ አንዱ ያንኑ የመሰለ ኳስ ሲያቀብል ግን «አሲስት» እላለሁ። አሜሪካዊውን የአጎትህ ልጅ የሚለኝ የለማ።

አንድ ቀን ስቬታ ጣቶቿን ከቁልፎቹ አነሣች።

«ስማ፣ ይህ ልጅ ምን አድርጎሃል?»

«ሕጉ ነው። የተቀበለው ሰው ኳሱን አንጥሯል።»

«አሜሪካዊው ሲያቀብልስ አያነጥሩም?»

«ጻፊ» አልኋት።

«እኔማ እጽፋለሁ» አለች ትከሻዋን ሰብቃ። «ፈራጁ አንተ ነህ።»

ጠልቼው ነበር? ብጠላው በተሻለኝ። እወደው ነበር። ሲያቀብል ልቤ ይዘላል፤ ልቤ በዘለለ ቁጥር ያየብኝ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ በፈራሁ ቁጥር እቀንሳለሁ። ይህንንም ሚዛናዊነት ብዬ ሰየምሁት። ማንም ያልጠየቀኝን ንጽሕናዬን በሌላ ሰው እንጀራ አስመሰከርሁ።

የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ የይርጋ ውል አልታደሰም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ኳስ ማቀበል ሥራው የሆነ ተጫዋች ካላቀበለ ምን ይሠራልኛል?» አለ። ወረቀቱ የእኔ ነበር። በማትናሱ ስብሰባ ሰዋችን «የቆዳው ቀለም ነው!» እያለ ሲጮህ እኔ ተነሣሁ። «ሁሉን በቆዳ አታሳብቡ፤ ቁጥር አያዳላም» አልሁ። እኔ አልሁ! ያዳላው እኔው፣ ያዳላሁበትን ወረቀት ምስክር ጠራሁ። አንዳንዶች አጨበጨቡልኝ። ይርጋ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት አባ ታከለ መሀል ከተማ፣ ባንኩ ፊት ለፊት አገኙኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። በመጨረሻው ጨዋታ እኔ ዘጠኝ ቋጥሬያለሁ። ወረቀቱ ሦስት ነው የሚል አሉኝ። ስድስቱ የት ገባ?»

«አባ፣ ማቀበል ሁሉ አሲስት አይባልም። ሕግ አለው።»

«ያየሁትን አላየህም የሚለኝ ምን ያለ ሕግ ነው?»

«የዓለም አቀፍ ሕግ ነው» አልኋቸው።

ዓለም አቀፍ! ያነበብሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሰብስቤ በአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ ከመርሁት። ክሩን ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ሄዱ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ይህን ባልጻፍሁ። በእኛ ወግ ከአስተሥርዮ፣ እዚህ ኪፑር ከምንለው ቀን በፊት፣ ሰው የበደለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይለምናል፤ ታላቅም ቢሆን ለታናሹ። የዋዜማው ዕለት ቀትር ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። አባ ታከለ ናቸው። እሳቸው ካሉበት ሰፈር ከጊቫት ሃሞሬ፣ እኔ እስካለሁበት አፉላ ኢሊት ድረስ በሁለት አውቶቡስ መጥተዋል። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«በልቤ ሌባ ብዬሃለሁ» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ፣ የልጄን ሰረቀ እያልሁ ስረግምህ ኖርሁ። ለካ አለማወቄ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ማረኝ ልጄ፣ ጾሙን በቂም አልግባ።»

ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ክሩን መዳፌ ላይ አኖሩት። «ይህን ጣልልኝ። በሐሰት መስክሮብሃል።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። «አባ፣ ይነሡ፣ ሌባው እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ምን አልሁ?

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አባ» አልሁ።

ይቅር አልኋቸው! እሳቸውም መረቁኝ። ልጆችህ ይባረኩ፣ ዓይንህ አይፍዘዝ አሉኝ። አሜን አልሁ። በማግስቱም ጾምሁ።

አባ ታከለ ከሞቱ ቆዩ። ይርጋ ከአፉላ ኢሊት ወደ መሀል ከተማ የሚወርደውን አውቶቡስ ይነዳል። ስሳፈር፣ «ሻሎም ጋሼ፣ ማ ኒሽማ፣ ምን አዲስ? ዛሬስ ማንን ልትሰድብ ነው?» ይለኛል፤ ጽሑፎቼን ያነባል። ዓይኑ ዛሬም ያው ነው። ከሕንፃው ጥግ አንዲት አሮጊት ሳንቲም የምታህል ሆና ብቅ ስትል፣ ሌላው ሾፌር ሳያያት እሱ አይቷት ፍሬን ይዟል።

በቀልዱ ላሳብብ? ቀልዱ የሥራ አስኪያጁ ነበር፤ «አይደለም» ያለው አፍ ግን የእኔ ነው። ፈርቼ ነው ልበል? የፈራሁት መሳቂያ መሆንን ነው፤ የከፈለው ግን ይርጋ ነው።

ይርጋ፣ ይህን ስታነብ ይቅርታ አልለምንህም። ከቤታችሁ አንድ ጊዜ የማይገባኝን ምርቃት ወስጃለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ክሩን አልጣልሁትም፤ መጽሐፎቼ መካከል አለ፣ ያንተ ነው። በዚያ ጨዋታ ስቬታ ስላንተ «አሲስት?» ብላ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀችኝ። ዘጠኙንም አይቻለሁ። አባትህ በትክክል ቆጥረዋል።