ሦስት ሻማኖችና የእናቴ ጨሌ

ሰው ዕቃ ስለጠፋበት ይሞታል ወይ? ይህን ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጤና ጣቢያው እናቴን የገደላት የጉበት ሕመም ነው ብሎ ጽፎ ሰጥቶናል። ወረቀቱ አሁንም አለ። ጠዋት አምነዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አላምነውም።

እናቴ ባለ ዛር ነበረች። በጋይንት ገጠር ይህ ይታወቃል እንጂ አይወራም። እሑድ ታስቀድሳለች፣ ጾሟን ትጾማለች፣ በየዓመቱ ደግሞ በቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት ለዛሯ ገብስማ ዶሮ ታሳርዳለች። ከእናቷ የወረሰችው ጨሌ ነበራት፤ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ዶቃ የተሰካበት፣ ክሩ በላብ የጠቆረ። ክዳን ባለው ሙዳይ አድርጋ ከአልጋዋ ራስጌ ትሰቅለዋለች። «የሚያውቀኝ በእሱ ነው» ትል ነበር። ስታልፍ ለታናሽ እህቴ እንዲሆን ተናግራለች። እኔን አላሰበችኝም፤ «አንቺ ደረቅ ነሽ፣ ማን ይጠጋሻል» አለችኝ።

ደረቅነቴ እውነት ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከጎረቤት ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ተጋርቼ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን ሁሉ እንደ ወንጌል ይይዛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለ በሽታ መንስኤ ተማርን፤ በዚያው ሰሞን ጠበል ቦታ የሚያስተምሩ አባት ጨሌ ካለበት ቤት በረከት አይገባም አሉ። ሳይንሱና ስብከቱ እንደዚያ ሰሞን ተስማምተውልኝ አያውቁም። እናቴ ማኅበር በሄደችበት እሑድ ሙዳዩን ከፍቼ ጨሌውን አወጣሁ፤ ከቤታችን በታች ካለው ገደል አፋፍ ቆሜ ወረወርኩት። የማድናት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙዳዩን ከፍታ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ለጠፋ በሬ ቄስ ይገዝታል፤ የወሰደ ይመልስ ተብሎ ለምእመኑ ይነገራል። ለጠፋ ጨሌ ማን ይገዝታል? ስለዚህ ራሷ ረገመች። የረገመችውም እህቴን ነው። እህቴ ወገዳ ለሚኖር የካህናት ቤተሰብ ታጭታ ነበር፤ ጨሌ የምትወርስ ምራት እንደማይቀበሉ ሁሉም ያውቃል።

«ለባል ብለሽ ሸጥሽኝ!» አለቻት።

እህቴ በመስቀል ማለች፤ አላመነቻትም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቺ እንኳ ተማሪ ናት፣ አትዋሽም» አለች። ሳልጠየቅ ተመሰከረልኝ፤ ዝም አልኩ። እህቴ ያለ እናቷ ምርቃት ተዳረች። እናቴም በዓመቱ እርግማኑን ሳታነሣ ሞተች። ከቀብሩ በኋላ እኔና እህቴ የምንገናኘው ለልቅሶ ብቻ ሆነ።

ይህን ውጬ እኖር ነበር። ያስወጡኝ ሦስት የጨዋታ መጻሕፍት ናቸው።

አሁን ንፋስ መውጫ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ትምህርት በተቋረጠበት፣ መንገድ በተዘጋበትና ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ፣ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ያልቻለ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር እኔ ዘንድ ይውል ነበር። በእርዳታ ከመጣ ካርቶን ሥር ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት አግኝቶ እንደ ልጅ ዘለለ። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ደንብ ነው። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ሙያ መርጠው በተረቱ ውስጥ ሰው ይሆናሉ፤ የሚደርስባቸውን ዳይስ የሚባል ባለ ቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይወስናል። ተዋጊ አለ፣ ሌባ አለ፣ መናፍስት የሚጠራ ሻማን አለ። መምህሩ ሥራ የፈቱትን ባልደረቦቹን ሰብስቦ ሊያጫውት አሰበ፤ ሻማኑ ግን በሦስቱም መጻሕፍት ሌላ ሌላ ሆነበት።

«እትዬ፣ እርስዎ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አያልፍዎትም። ያወዳድሩልኝና የሚሻለውን እንምረጥ» አለኝ። «ለመሆኑ ሻማን በአማርኛ ምንድን ነው? ደብተራ?»

«ደብተራ ተምሮ ነው። ይኼ በመንፈስ ተይዞ ነው።»

«ጠንቋይ ይሁና!»

«ጠንቋይ የሚያየው ወደ እሱ ለመጣ ሰው ነው። ይኼ መጀመሪያ የራሱ ጣጣ አለበት።»

«ኧረ እትዬ! ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?» ብሎ ሳቀ።

«ከመጽሐፍ» አልኩት።

መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ሳምንት ሠራሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሻማኑ መንፈሱን ራሱ ይመርጣል፤ ንስር፣ ድብ ወይም ተኩላ። ደረጃው ባደገ ቁጥር መንፈሱም ይጠነክርለታል። በሁለተኛው፣ በጠራው ቁጥር ይዋዋላል፤ ውሉን ካፈረሰ መንፈሱ ይዞርበታል። በሦስተኛው ሻማን የሚሆነው ታሞ ነው፤ መናፍስት ይጥሉታል፣ ከሞት አፋፍ ሲነሣ ሙያው ይሰጠዋል። እናቴም የወደቀችው እህቴን በወለደች ባርባ ቀኗ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን አስበለጥኩት። ግን ከሕመሙ ለተነሣው ሻማን ሦስት ነጥብ ጥንካሬ ይጨመርለታል ይላል። ለእናቴ ምንም አልተጨመረላትም። የሦስቱም መጻሕፍት ስሕተት ደግሞ አንድ ነው፤ ሻማኑን ጋላቢ ያደርጉታል። እኛ ዘንድ ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ነው የሚባለው። ፈረስ አይመርጥም፣ አይዋዋልም።

መጨረሻ ላይ የዕቃው ተራ ደረሰ። ሻማኑ ከበሮው ወይም የአንገቱ ዶቃ ቢጠፋበትስ? አንደኛው መጽሐፍ፣ በአንድ ቀን ሌላ ይሠራል አለ። ሁለተኛው፣ እስኪገኝ ድረስ መንፈስ መጥራት አይችልም አለ። ሦስተኛው፣ በየቀኑ ከጉልበቱ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፣ ሲያልቅ ይሞታል አለ። እንግሊዝኛዬ አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ያን መስመር ሦስት ጊዜ ተረጎምኩት። አላሳሳተኝም። እናቴ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት መሄድ ተወች፤ ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ ከደጅ መውጣት፣ ከዚያ ቀና ብሎ መቀመጥ።

መምህሩ ሦስቱን ያወዳደርኩበትን ሠንጠረዥ አይቶ፣ «ሦስተኛውማ ጭካኔ ነው፣ ማን ይጫወተዋል? በአንደኛው እንሂድ» አለ።

«ዕቃውን የጣለው ሰውስ ምን ይሆናል?» አልኩት። «ስለ እሱ በአንዱም አልተጻፈም።»

ትንሽ አየኝ። «እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

ሁለት እሑድ ተጫውተውት ቀረ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማንበብ አቃተኝ።

መንገዱ እንደተከፈተ ወገዳ ሄድኩ። እህቴ ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «እታለም! ማን ሞተ?» ብላ ደንግጣ ተነሣች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። ተሳሳምን፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «የእማዬን ጨሌ የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ጣቷ ምስሩ ውስጥ ቆመ። «መቼ?»

«ያን እሑድ፣ ማኅበር በሄደችበት።»

አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች። «የመጀመሪያው ልጄ ሲሞትብኝ፣ የእናት እርግማን ነው አሉኝ። ንስሐ አባቴ ካልተናዘዝሽ አይፈታልሽም አሉ። ሰርቄያለሁ ብዬ ተናዘዝኩ። ሦስት ሱባኤ ጾሜ፣ ሰግጄ ፈቱኝ።»

«ያላደረግሽውን?»

«ምን ላድርግ? ያደረገው ሰው አልመጣ አለ።»

«አሁኑኑ ሄጄ ለአባ እናገራለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

«ተይ!» ቀሚሴን ያዘችኝ። «በውሸት ተናዝዛ ነው የፈቷት ብለሽ? ከዚያ ወዲህ የወለድኳቸው ሁለት ልጆች አሉኝ እኮ። ቢፈርስብኝስ?»

እንደገና ተቀመጥኩ። እንደ ድሮው አብሬያት ልለቅም እጄን ወደ ሰፌዱ ሰደድኩ። ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሂጂ፣ እታለም» አለችኝ። «ከስድስት ሰዓት በኋላ መኪና አይገኝም።»