የላይኛዋ ክፍል

ከተማችን መካነ ሰላም ልታድግ ነው የተባለ ጊዜ እኔ ሪያድ ነበርኩ፤ የሰው ደረጃ ነበር የማጥበው። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ከላይ እስከ ታች እብነ በረድ፣ ጧትና ማታ። ጉልበቴ ያለቀው እዚያ ነው።

ኮንትራቴ አልቆ ሻንጣዬን ስሸክፍ አባዬ ደወሉ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ሁሉ ፎቅ ይሥራ፣ ያልቻለ ቦታውን ለሚችል ይልቀቅ ብሏል አሉኝ። «መሀል ከተማው ሊያምር ነው ልጄ፤ እኛ ወደ ዳር ልንጣል ነው።» ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ነው፣ ምን እላለሁ? ሻንጣውን መልሼ ፈታሁት፤ ለፎቁ ብር ልልክ ሌላ ኮንትራት ፈረምኩ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ከላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል የኔ ትሁን። እዚያ ተኝቼ፣ ማንም «ተነሺ!» ሳይለኝ ማርፈድ ነበር ምኞቴ።

«ኢንሻአላህ፣ ያንቺው ናት» አሉ።

ሲያልቅ ፎቶ ላኩልኝ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ሰማያዊ መስታወት፣ ቀይ መጋረጃ። ወላሂ አለቀስኩ። ማዳሜን ሳሳያት «አንቺማ ሀብታም ነሽ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ስመለስ ያ ሁሉ አቧራ ኮብልስቶን ለብሷል፣ ባጃጁ ይንጫጫል፣ ካፌው ወንበሩን ደጅ አውጥቷል። ከተማው አምሯል፣ አልዋሽም። እኔን ግን ደክሞኝ ነበር፤ እንቅልፍ እንጂ ካፌ አላማረኝም። ጎረቤቱ «እንኳን አላህ ለቤትሽ አበቃሽ» ብሎ ብሎ እስኪወጣ ጠበቅሁና ተነሣሁ።

«አባዬ፣ ወደ ላይ በየት ነው የሚወጣው?»

አባዬ እናቴን አዩ። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ለካ ብሩ መስኮቱ ላይ አልቋል። ማዘጋጃ ቤቱም የሚያየው በመንገዱ በኩል ያለውን ነው፤ ደረጃ የጠየቀ የለም። መጋረጃውን የሰቀለው ግንበኛው ነው፣ በመሰላል።

«እንግዲያው መሰላሉን አምጡልኛ!» ብዬ ጮህኩ። ከጎረቤት ተውሰው አመጡ። ገና ሁለት እርከን ሳልወጣ ጉልበቴ እምቢ አለ። አባዬ በሁለት እጃቸው ደግፈው አወረዱኝ።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ደረጃዋማ ያንድ ኮንትራት ነገር ናት» አሉ።

ከሱቁ ጀርባ፣ ከጤፍ ጆንያው ጎን ተኛሁ። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ ሄድኩ፤ የሰው ደረጃ እያጠብኩ የራሴን ላሠራ።