እንደ ወጉ

ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ የሰው ፊት አያዩም። ክራቫታቸው በወጉ ታስሯል፤ የኮታቸው እጅጌ ግን በካርቦን ጠቁሯል። የጽሕፈት መኪናቸውን በሁለት ጣት እየመቱ ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ መልሱን እያወቁት።

«እንደ ወጉ ልጻፈው ወይስ እንደሆነው?»

«እንደ ወጉ ይሁን፣ አባባ፤ ለአረጋውያን መጠለያ ነው» አልኩ። እናቴን ላስገባ ነበር የመጣሁት።

ሌላ አልጠየቁኝም፤ እጃቸው ለምዶታል። «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አቅመ ደካማ በመሆናቸው…» እያሉ፣ እየጮኹ ጻፉ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙ። እኔ የጫማዬን ክር አያለሁ።

«አንተስ ምናቸው ነህ?»

«ልጃቸው።»

ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቀረ። አሁንስ ቀና ብለው አዩኝ ብዬ ፈራሁ። አላዩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ወለወሉ፤ ድምፃቸውም ወረደ።

«ልጅ ያላቸውን አይቀበሉም። ጎረቤት እንበል፣ ልጄ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም ያኔ ለእናቴ እንደዚያው ነበር የጻፍኩት።»

ብዕራቸውን አቀበሉኝ። «ጎረቤት» ከሚለው ሥር ፈረምኩ።